«ምን ይጠቅማል?» ስንት ያስከፍላል?

የውሃ ጎማ ይዞ አትክልት ያጠጣ ወይም መኪና ያጠበ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቧንቧው በደንብ ሲከፈት ጎማው ከእጅ ያመልጥና መሬት ላይ እንደ እባብ እየተጥመለመለ ያገኘውን ሁሉ ያረጥባል። ልጆች ይስቃሉ። ባለቤቱ ሮጦ ቧንቧውን ይዘጋል። ነገሩም እዚያው ያበቃል።

ለአንድ ሰው ግን አላበቃም። ቆጵሮስ የተወለዱት ማይክል ፓይዱሲስ ጎማው ለምን ይጥመለመላል፣ በስንት ፍጥነት ላይ ይጀምራል፣ ቢያጥር ወይም ቢረዝም ምን ይሆናል ብለው ጠየቁ። በ1963 በዚሁ ጉዳይ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ያዙ (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከ1967 ጀምሮ ደግሞ ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምህንድስና መምህር ሆነው ዕድሜያቸውን ለፍሰት ወለድ ንዝረት ሰጡ። ውሃ፣ አየር ወይም እንፋሎት ሲያልፍበት ስለሚንቀጠቀጥ ቱቦ ማለት ነው። በ1998 እና በ2004 ያሳተሟቸው ሁለት ወፋፍራም ቅጾች የሚያወሩት በአብዛኛው ስለዚሁ ነው።

ይህን የሰማ ሰው ወዲያው የሚያነሳው ጥያቄ የታወቀ ነው። «ምን ይጠቅማል?»

ጥያቄው በበጀት ስብሰባ ላይ ይነሳል። ልጁን ምህንድስና ያስገባ አባት ያነሳዋል። ፌስቡክ ላይ «ዓለም ጨረቃ ወጥቶ እነ ዶክተር ጎማ ያጠናሉ» እያለ የሚያሾፈውም ያነሳዋል። ሲነገር የጨዋ ጥያቄ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን መልስ ተፈልጎ የሚጠየቅ አይደለም፤ ፋይል መዝጊያ ነው። የተጠየቀው ተመራማሪ መልስ መስጠት ሲጀምር ጠያቂው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አልፏል።

ፋይሉን መዝጋት ግን ዋጋ አለው። ያ ዋጋ ካሊፎርኒያ ውስጥ በዶላር ተቆጥሮ ተከፍሏል።

🔹 ዘጠኝ ሺህ ቱቦ

በሎስ አንጀለስና በሳን ዲዬጎ መካከል፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር፣ ሳን ኦኖፍሬ የሚባል የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ይሠሩ የነበሩት ሁለቱ ክፍሎቹ አንድ ላይ ከ2,000 ሜጋ ዋት በላይ ያመነጩ ነበር። እያንዳንዱ ክፍል ሁለት የእንፋሎት ማመንጫዎች ነበሩት። እነዚህ ግዙፍ ጋኖች ናቸው፤ ውስጣቸው ጣት በሚያካክሉ ቀጫጭን ቱቦዎች የታጨቀ ነው። ከሬአክተሩ የሚመጣው የጋለ ውሃ በቱቦዎቹ ውስጥ ያልፋል፤ በውጭ በኩል ያለው ውሃ በዚያ ሙቀት ይፈላና እንፋሎት ሆኖ ተርባይኑን ያዞራል።

የድሮዎቹ ማመንጫዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ አገልግለው ሲያረጁ በአዲስ ተተኩ። ለለውጡ 670 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣ። ሥራው የተካሄደው አዲሱ ዕቃ ከአሮጌው ጋር የሚመጣጠን ምትክ ነው በሚል አካሄድ ስለነበር፣ ለእንፋሎት ማመንጫዎቹ ለውጥ የፈቃድ ማሻሻያ አልተጠየቀም። ውስጡ ግን ተለውጦ ነበር። በእያንዳንዱ ማመንጫ የነበሩት 9,350 ቱቦዎች 9,727 ሆኑ፤ መሃል ላይ የነበረው ደጋፊ ምሰሶ ወጣ፤ የቱቦዎቹ ብረትም ሌላ ሆነ።

ጥር 31 ቀን 2012 ሥራ ከጀመረ አንድ ዓመት ያልሞላው የሦስተኛው ክፍል አዲስ ማመንጫ አፈሰሰ። የወጣው ጨረር ጥቂት ነበር፤ የተጎዳ ሰውም አልነበረም። ሲፈተሽ ግን ባለሙያዎቹን ያስደነገጠ ነገር ተገኘ። ቱቦዎቹ እርስ በርስ እየተፋጩ ተበላልተዋል። በሁለቱ ክፍሎች ከሦስት ሺህ በላይ ቱቦዎች ላይ የመበላት ምልክት ታየ። በሦስተኛው ክፍል ስምንት ቱቦዎች የግፊት ፈተናውን ወደቁ።

መንስኤው ባለሙያዎቹ የፍሰትና የብረት አለመረጋጋት የሚሉት ነበር። በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። ፍሰቱ ቱቦውን በጥቂቱ ይገፋዋል። የተገፋው ቱቦ በበኩሉ የፍሰቱን መንገድ ይለውጣል። የተለወጠው ፍሰት ተመልሶ ቱቦውን የበለጠ ይገፋዋል። ፍጥነቱ ከአንድ ወሰን በታች ሲሆን ፍሰቱ ንዝረቱን ያበርደዋል። ወሰኑ ሲታለፍ ግን ፍሰቱ ራሱ ንዝረቱን መመገብ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ብረት የሚባለው ነገር እንደ ጎማው ይሆናል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ ከወሰኑ በታች ለዓመታት ምንም አይታይም፤ ከወሰኑ በላይ ወራት ይበቃሉ።

ሰኔ 2013 ባለቤቱ ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ኤዲሰን ማመንጫውን ለዘለዓለም መዝጋቱን አስታወቀ። 1,500 የነበረው ሠራተኛ ወደ 400 እንደሚወርድ ተነገረ። በ2014 የጸደቀው የወጪ ክፍፍል 4.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ 3.3 ቢሊዮን የሚጠጋው በመብራት ደንበኞች ላይ ተጭኖ ነበር፤ ኋላ ከብዙ ክርክር በኋላ ተሻሻለ። ባለቤቱ አምራቹን ከሰባት ቢሊዮን ዶላር በላይ ጠይቆ ለግልግል ዳኝነት ቀረበ። በ2017 የተፈረደለት 125 ሚሊዮን ገደማ ነው።

«ጎማ ማጥናት ምን ይጠቅማል?» ለሚለው አንዱ መልስ እዚህ ደረሰኝ ላይ ተጽፏል።

🔹 ማንም ያልጠበቀው አቅጣጫ

ነገሩን የሚያስቆጨው ዝርዝሩ ነው።

የማመንጫው ቱቦዎች አናታቸው ላይ እንደ ከዘራ እጀታ ይታጠፋሉ። ነዳፊዎቹ ንዝረት እንደሚኖር ያውቁ ነበር፤ ለዚህም በቱቦዎቹ ረድፎች መካከል ጠፍጣፋ ብረቶች አስገብተዋል። ብረቶቹ ቱቦው ከእጥፋቱ ወደ ጎን እንዳይወዛወዝ ይይዙታል። በእጥፋቱ አቅጣጫ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ እንዳይሄድ ግን የሚያስቆመው ሰበቃ ብቻ ነው። በዚያ አቅጣጫ ይነቃነቃል ብሎ የሰጋ አልነበረም። የቀድሞ ሙከራዎች አላሳዩትም፤ በሥራ ላይ ባሉ ማመንጫዎችም አልታየም ነበር።

ሳን ኦኖፍሬ ላይ ቱቦዎቹ የተነቃነቁት በዚያ አቅጣጫ ነው።

አዲሶቹ ማመንጫዎች ከመገጠማቸው ዓመታት በፊት፣ በ2006፣ እዚያው ሞንትሪያል ውስጥ በኤኮል ፖሊቴክኒክ የሚሠሩ ቪዮሌት፣ ፔቲግሩና ሙሬይቲ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ጽሑፍ አሳትመው ነበር። የጠየቁት ማንም «ምን ይጠቅማል?» ሊለው የሚችል ጥያቄ ነው። ቱቦዎች በፍሰቱ አቅጣጫ ብቻ መወዛወዝ ቢችሉ መረጋጋታቸውን ያጣሉ ወይ? ያገኙት መልስ ይህ ነው። አንድ ቱቦ ብቻውን ሲለቀቅና ሌሎቹ ሲታሰሩ ምንም አይሆንም። ብዙዎቹ አንድ ላይ ሲለቀቁ ግን አለመረጋጋቱ ይመጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው፤ ቱቦም ሲያብር ማመንጫ ያዘጋል።

እዚህ ላይ ለነዳፊዎቹ የሚከራከር ሰው አያጣም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። አንድ የጥናት ጽሑፍ ወጣ ተብሎ የዓመታት ልምድ አይጣልም» ይላል። ክርክሩ በከፊል እውነት አለው። አንድ ጽሑፍ ብቻውን የኢንዱስትሪ ደንብ አይለውጥም፤ መለወጥም የለበትም። ነገር ግን «እስከ ዛሬ ሆኖ አያውቅም» የሚለው ልምድ የሚሠራው ዕቃው እስከ ዛሬ የነበረው ዕቃ ሲሆን ነው። ቱቦው ሲበዛ፣ ምሰሶው ሲወጣ፣ ድጋፉ ሲቀየር ልምዱ የአሮጌው ዕቃ ልምድ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ገና ያልሆነውን ነገር መመርመር ሥራው የሆነ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሚገኘው ደግሞ «ምን ይጠቅማል?» ያላባረረው ቤት ውስጥ ነው።

🔹 «ኮምፒውተሩ ያሰላዋል»

ሁለተኛው ክርክር ዘመናዊ ነው። ዛሬ ፍሰትን የሚያሰላ ሶፍትዌር አለ፤ በጎማና በውሃ ገንዳ ዕድሜ መፍጀት የድሮ ሰው ሥራ ነው ይባላል።

ሳን ኦኖፍሬም ሶፍትዌር ነበረው። የአሜሪካ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ባደረገው ምርመራ፣ ማመንጫዎቹ የተነደፉበት የስሌት ፕሮግራም በቱቦዎቹ መካከል ያለውን የፍሰት ፍጥነት ከእውነተኛው ከሦስት እስከ አራት እጥፍ አሳንሶ እንደገመተው ተገኘ። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እየበረረ ፍጥነት መለኪያው 30 ወይም 40 የሚያሳየው መኪና ውስጥ የተቀመጠን ሹፌር ማሰብ ይበቃል። እግሩን ከነዳጁ ላይ የሚያነሳበት ምክንያት የለውም።

ሶፍትዌር የተጠየቀውን ያሰላል። ትክክል መሆኑን የሚያውቀው ከልኬት ጋር ያስተያየው ሰው ነው። ልኬቱ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም፤ እጁን በውሃ አርሶ፣ ቱቦ አስሮ፣ ሌሊት ላቦራቶሪ ውስጥ ያመሸ ተማሪ የለካው ነው። ላቦራቶሪውን «ሶፍትዌር አለ» ብሎ መዝጋት ሚዛን አለ ብሎ መመዘኛ ድንጋዮቹን እንደ መጣል ነው።

🔹 የቴርሞሜትር ሰገባ

አንድ ጊዜ የሆነ ነገር አጋጣሚ ሊባል ይችላል። ሁለተኛው ጃፓን ውስጥ ነው፤ የሆነውም ከሳን ኦኖፍሬ በፊት ነው።

በፉኩይ ግዛት የሚገኘው ሞንጁ በቀልጦ ሶዲየም የሚቀዘቅዝ ሬአክተር ነበር። ሶዲየም አየር ሲነካው ይቃጠላል። ታኅሣሥ 8 ቀን 1995 በሶዲየም ቧንቧ ውስጥ የተተከለ የቴርሞሜትር ሰገባ ተሰበረ። ከ600 ኪሎ በላይ ሶዲየም ፈሰሰና እሳት ተነሳ። ማንም አልሞተም፤ ሬአክተሩ ግን ከ14 ዓመት በላይ ቆመ። በ2010 ተነሳ፤ በዚያው ዓመት ሌላ ችግር ገጠመው፤ በ2016 መጨረሻ ጭራሹን እንዲፈርስ ተወሰነ።

ሰገባውን የሰበረው የሶዲየሙ ፍሰት ያስነሳው ንዝረት ነው። አቅጣጫው አሁንም ፍሰቱ የሚሄድበት አቅጣጫ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ይሠራል። ወንዝ ውስጥ የቆመ እንጨት ከኋላው አዙሪት ያስከትላል። አዙሪቶቹ ከግራና ከቀኝ እየተፈራረቁ ይላቀቃሉ፤ እንጨቱንም ወደ ጎን ያወዛውዙታል። ይህ ከተጠና ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ነፋስ ሲመታው የሚያፏጨውን ሽቦ ድምፅ ስትሩሃል በ1878 ለክቶታል፤ የአዙሪቶቹን አሰላለፍ ቮን ካርማን በ1911 እና በ1912 በሒሳብ አሳይቷል። ስለዚህ ነዳፊ ሁሉ ወደ ጎን የሚሆነውን ንዝረት ይጠነቀቃል። ነገር ግን የግራውም የቀኙም አዙሪት እንጨቱን ወደ ፊት ይጎትቱታል። ወደ ጎን አንድ ጊዜ ሲወዛወዝ ወደ ፊት ሁለት ጊዜ ይጎተታል። በዚህ የተነሳ በፍሰቱ አቅጣጫ የሚነሳው ንዝረት ባነሰ ፍጥነት ሊጀምር ይችላል።

ይህስ ይታወቅ ነበር? በ1960ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ አገር ኢሚንግሃም ላይ የነዳጅ ወደብ ሲሠራ፣ ባሕር ውስጥ የተተከሉት የብረት ምሰሶዎች ሞገዱ ሲመጣና ሲሄድ በፍሰቱ አቅጣጫ ይናወጡ ጀመር። ፍጥነቱ ነዳፊዎቹ ከጠበቁት በታች ነበር። ተጠና፤ ታተመ፤ መጽሐፍ ገባ። ሞንጁ ላይ ያ ሰገባ የተነደፈበት ደንብ ግን ይህን አቅጣጫ አላሰበበትም። የባሕር ምሰሶ ያጠናው ሰውና የቴርሞሜትር ሰገባ የነደፈው ሰው አልተገናኙም።

በመካከላቸው የጎደለው እንደ ፓይዱሲስ ያለ ሰው ነው። ፕሮፌሰሩ በ1987 የፈሳሽና የመዋቅር ጉዳይ ብቻ የሚታተምበት መጽሔት ያቋቋሙት፣ የጎማውን፣ የባሕሩን ምሰሶና የሬአክተሩን ቱቦ ጥናት አንድ ጠረጴዛ ላይ ለማስቀመጥ ነው። በ1993 የታተመው የክብር ንግግራቸው ርዕስ ራሱ፣ ለማወቅ ጉጉት ብቻ ተብሎ ስለተሠራ ጥናትና ኋላ ስላገኘው ጥቅም የሚል ነበር። የጎማው ሒሳብ ዛሬ በነዳጅና በወተት ፋብሪካዎች የሚያልፈውን ፈሳሽ ክብደት በቱቦ ንዝረት ከሚለኩት መሣሪያዎች ጋር ዘመዳሞች ናቸው።

🔹 ከሽቦው ላይ የተንጠለጠሉት

አንድ ምፀት ቀርቷል። ከአዲስ አበባ በሚወጡት የከፍተኛ ኃይል መስመሮች ሥር ያለፈ ሰው ቀና ብሎ ቢያይ፣ ሽቦዎቹ ምሰሶውን ሊነኩ ሲሉ ሁለት ጫፎቻቸው ላይ ክብደት ያላቸው ትንንሽ ብረቶች ተንጠልጥለው ያገኛል። ብዙ ሰው ምን እንደሆኑ ሳያውቅ ዕድሜ ልኩን አይቷቸዋል። ነፋስ ሽቦውን ሲያንቀጠቅጠው ንዝረቱን የሚውጡ ናቸው። እነሱ ባይኖሩ ሽቦው ከመያዣው ሥር ቀስ በቀስ ይደክምና ይበጠስ ነበር።

የፈጠራቸው ጆርጅ ስቶክብሪጅ የሚባል መሐንዲስ ነው፤ ጊዜውም 1920ዎቹ። የት ይሠራ ነበር? ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ኤዲሰን። ሳን ኦኖፍሬን የዘጋው ያው ድርጅት።

ለዓለም የፍሰት ንዝረት መድኃኒት የሰጠ ቤት፣ ከዘጠና ዓመት በኋላ በፍሰት ንዝረት ማመንጫውን አጣ። ዕውቀት እንደ ርስት ከአባት ለልጅ በወረቀት አይተላለፍም። በየትውልዱ የሚጠይቅ፣ የሚለካና የሚያነብ ሰው ከሌለ የአያት ሙያ የልጅ ልጅን አያድንም።

🔹 «ይህ የሀብታም አገር ጣጣ ነው»

ሦስተኛው ክርክር ለኢትዮጵያ አንባቢ የቀረበ ነው። «ዳቦ በጠፋበት አገር ስለ ቱቦ ንዝረት ማጥናት ቅንጦት ነው፤ ፈረንጆቹ ያጥኑ፣ ውጤቱን መውሰድ ይቻላል» ይባላል።

መልሱ ሩሲያ ውስጥ፣ የኒሴይ ወንዝ ላይ ነው። ነሐሴ 17 ቀን 2009 በሳያኖ ሹሼንስካያ የውሃ ኃይል ማመንጫ የሁለተኛው ተርባይን ክዳን ተነቅሎ ወጣ። ውሃው አዳራሹን አጥለቀለቀው፤ 75 ሰዎች ሞቱ። ክዳኑን ይዘው ከነበሩት ቡሎኖች መካከል 49 ተገኝተው ሲመረመሩ 41ዱ ላይ የድካም ስንጥቅ ታየ። ብረት የሚደክመው አንድ ጊዜ በተመታ ሳይሆን ሺህ ጊዜ በተንቀጠቀጠ ነው። ጥገናና ቁጥጥርም ተጓድሎ ነበር። ነገር ግን ንዝረቱ እያለ፣ መለኪያው እየተናገረ፣ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ ማሽኑን ያስቆመ ሰው አልነበረም።

ያ ተርባይን ፍራንሲስ የሚባለው ዓይነት ነው። እንዲህ ያለ ተርባይን ከአቅሙ በታች ሲሠራ ከሥሩ ውሃው እንደ ገመድ እየተገመደ ይሽከረከርና ማሽኑን ያናውጠዋል። ስለዚህ ቶሎ የሚታለፍ እንጂ የማይቆይበት የኃይል ክልል አለው። ኢትዮጵያ ኤሌክትሪኳን ከሞላ ጎደል በሙሉ የምታገኘው ከውሃ ነው። የጊቤ ሦስትም የሕዳሴው ግድብም ተርባይኖች ፍራንሲስ ናቸው። ይህ ማለት አደጋ ላይ ናቸው ማለት አይደለም። የነገ ንዝረታቸውን ሰምቶ የሚተረጉም ባለሙያ የሚያስፈልገው አገር ይህ ነው ማለት ግን ነው።

የሌላውን ጥናት ወስዶ መጠቀም ይቻላል መባሉ ልክ ነው። ለመውሰድ ግን ማንበብ ያስፈልጋል። የሞንትሪያሉ ጽሑፍ ታትሞ ነበር፤ የኢሚንግሃሙም ታትሞ ነበር። ሀብታሞቹ ራሳቸው አልወሰዱትም። ጽሑፉን አይቶ «ይህ የእኔን ማሽን ይመለከታል» የሚለው ራሱ አንድ ቀን ጎማ ይዞ የሞከረ ሰው ብቻ ነው። ደግሞስ ይህ ጥናት ስንት ይፈጃል? ለመነሻው ፓምፕ፣ የጎማ ቱቦ፣ የውሃ ገንዳ፣ ሰዓትና ትዕግሥት ይበቃል። ለአንድ ዓውደ ጥናት ሻይ ቡናና ባነር የሚወጣው ወጪ ከዚህ አያንስም።

🔹 ታዲያ ምን ይጠየቅ?

ጥናት የተባለ ሁሉ ይጥቀም አይጥቀም ሳይባል ይከፈለው የሚል ሰው የለም። ለዕድገት ነጥብ ብቻ ተጽፎ ማንም የማያነበው ወረቀት ሞልቷል። ከሌላ የተቀዳ፣ ያልተለካ ቁጥር የተሞላበትም አለ። እነዚህን መለየት ይገባል። «ምን ይጠቅማል?» የሚለው ወንፊት ግን አይለያቸውም። እንዲያውም ውሸታሙ ተመራማሪ ጥቅሙን በሦስት ገጽ ዘርዝሮ ያልፋል፤ እውነተኛው «ገና አላውቅም» ብሎ ይወድቃል።

የሚሻሉ ጥያቄዎች አሉ። ጥያቄው በልኬት ሊመለስ ይችላል? መልሱን ሌላ ሰው ደግሞ ሠርቶ ሊያረጋግጠው ይችላል? ተማሪው ሲጨርስ ማንም አገር ያለ ማሽን ፊት ቆሞ የሚሰማውን ድምፅ መተርጎም ይችላል? ለእነዚህ አዎ ያለ ጥናት ጎማም ያጥና፣ የወንዝ ሸምበቆም ያጥና፣ ዋጋውን አስቀድሞ ከፍሏል።

«ምን ይጠቅማል?» ደግሞ ከናካቴው አይጣል፤ የሚጠየቀው ሰው ይቀየር። ጽሑፉ ታትሞ ሳያነብ ውል ለፈረመው፣ አዲሱን ዕቃ ከአሮጌው ጋር ያው ነው ብሎ ላሳለፈው፣ ማሽን ገዝቶ ባለሙያ ለመቅጠር ለሚሳሳው ይቅረብለት። የእሱ ቁጠባ ምን ጠቀመ?

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። አንድ የምህንድስና ተማሪ ነገ ወደ መምህሩ ቢሮ ገብቶ «ጎማው ለምን ይጥመለመላል?» ቢል፣ መምህሩ ሊስቅበትም ሊያባርረውም ይችላል። ወይም ደግሞ ፓምፕ ፈልጎ፣ ገንዳ ሞልቶ «ና፣ እንለካው» ሊለው ይችላል።

ሳን ኦኖፍሬም በመጨረሻ የሆነው ግቢ ውስጥ የሚሆነው ነው። ጎማው ሲጥመለመል ሮጠው ቧንቧውን ዘጉት። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ አለመከፈቱ ነው።